ለተማሪዎች የጥናታዊ ጽሑፍ ክፍል በሐዋሳ እንዴት ይጀመራል? ከመጀመሪያው ቅዳሜ እስከ መጨረሻው ገጽ

ብዙ ተማሪ የመጀመሪያ ጥናታዊ ጽሑፉን የሚጽፈው የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ላይ ሲደርስ ነው። ያኔ ደግሞ ጊዜ የለም። የመውጫ ፈተና አለ፣ የቀሩ ኮርሶች አሉ፣ አማካሪውንም ሌሎች ብዙ ተማሪዎች ይጠብቁታል። ከዚያ በፊት አንድም ቀን ሞክሮት የማያውቀውን ነገር በአንድ ሴሚስተር ጨርስ ይባላል። ስለዚህ ያለፈው ዓመት ተመራቂ የሠራውን ይፈልግና ርዕሱንና የከተማውን ስም ይቀይራል። ስንፍና ብቻ አይደለም። ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ቁጭ ብሎ ያሳየው ሰው የለም።

ይህን ለመቀየር ትልቅ ፕሮጀክት አያስፈልግም። አንድ መምህር ወይም ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ፈቃደኛ ወጣት፣ አንድ መማሪያ ክፍል፣ ሰሌዳና ጠመኔ፣ ዐሥር ቅዳሜዎች። ይኸው ነው።

አሠራሩን ከመዘርዘሬ በፊት ሁሉም ነገር የቆመበትን ሐሳብ ልናገር። ተማሪ "ሪሰርች" ሲባል መጀመሪያ የሚታየው ቅርጹ ነው። ምዕራፍ አንድ መግቢያ፣ ምዕራፍ ሁለት የተዛማጅ ጽሑፎች ቅኝት፣ ምዕራፍ ሦስት የጥናቱ ዘዴ እያለ ይቆጥራል። ቅርጹን ይዞ የተነሳ ተማሪ ክፍት ቦታ መሙላት ይሆንበታል፤ የሚሞላውን ደግሞ ከሌላ ሰው ያመጣል። ጥያቄ ይዞ የተነሳ ግን የሚጽፈው አያጣም። ስለዚህ ክፍሉን ከጥያቄ ጀምሩት። እያንዳንዱ ተማሪም አጭር ይሁን እንጂ ሙሉ የሆነ አንድ ጽሑፍ ጨርሶ ይውጣ። ስድስት ገጽ በቂ ነው። ግማሽ ላይ ከቀረ ስልሳ ገጽ ያለቀ ስድስት ገጽ ይሻላል።

ማንን፣ የት፣ መቼ

እኔ የምመርጠው 11ኛ ክፍልን ነው። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ልቡ ብሔራዊ ፈተናው ላይ ነው፤ አይፈረድበትም። 9ኛና 10ኛ ክፍሎች ደግሞ ረዘም ያለ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ገና ይከብዳቸዋል። የዩኒቨርሲቲ አንደኛና ሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ካሉ እሰየው፣ አብረው ይማሩ።

ቁጥሩ ከ16 ባይበልጥ ጥሩ ነው። በየሳምንቱ የእያንዳንዱን ተማሪ ጽሑፍ ማንበብ አለባችሁ። አርባ ተማሪ ከመዘገባችሁ ማንበቡን ትተዋላችሁ፤ ማንበቡ ከቀረ ደግሞ ክፍሉ ሌክቸር ሆኖ ይቀራል። ተማሪዎቹን ሁለት ሁለት አድርጓቸው። መረጃ አብረው ይሰብስቡ፣ ጽሑፉን ግን እያንዳንዱ ለየራሱ ይጻፍ።

ትምህርት ቤት ውስጥ በጣም ቀላሉ መንገድ ክበብ ማቋቋም ነው። ክበብ የተለመደ ስለሆነ ርዕሰ መምህሩን ወይም ርዕሰ መምህርቷን ለማስረዳት አትቸገሩም። አንድ ገጽ ማመልከቻ ጻፉ። ዓላማው፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ ኃላፊው ማን እንደሆነ፣ ተማሪዎቹ ለመረጃ ከግቢ እንደሚወጡ፣ ከተማሪ ገንዘብ እንደማይሰበሰብ ግልጽ አድርጉ። እግረ መንገዳችሁን ማህተም ያለበት የድጋፍ ደብዳቤ ጠይቁ። ይህን አትርሱ። ደብተር ይዞ ሰው የሚጠይቅ ወጣት ሲታይ "ማን ላከህ?" መባሉ አይቀርም። ደብዳቤውና የተማሪ መታወቂያው ካለ ነገሩ በሁለት ደቂቃ ያልቃል። አብዛኞቹ ተማሪዎች ከ18 ዓመት በታች ስለሚሆኑ የወላጅ ፊርማም ይኑር።

ለረዳት ሩቅ አትሂዱ። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢው፣ የግብርናውና የሕክምናው ግቢ እዚሁ ከተማ ናቸው። የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ አንድ ወይም ሁለት ፈልጉ። በየሳምንቱ አይመጡም፤ ንባብና መጠይቅ የሚሠራባቸው ቅዳሜዎች ላይ ግን ቢገኙ ብዙ ሸክም ያቀሉላችኋል።

ሰዓቱ ቅዳሜ ጠዋት ከ3 እስከ 5 ቢሆን ይመቻል። ከጥቅምት አጋማሽ ጀምሮ ዐሥር ሳምንት ከቆጠራችሁ ገና ከመድረሱ በፊት ይጠናቀቃል፤ የሴሚስተር ፈተናም አይደርስባችሁም። በሁለተኛው ሴሚስተር ከሆነ ፋሲካን አስቡ። የሲዳማ ዘመን መለወጫ የፍቼ ጨምበላላ ቀን ደግሞ በአያንቱዎች (በሲዳማ የኮከብ አዋቂ ሽማግሌዎች) ቆጠራ ስለሚወሰን በየዓመቱ ይለያያል፤ አንድ ቅዳሜ ትርፍ ያዙ።

ወጪው ደብተር፣ እስክሪብቶና ፎቶኮፒ ነው። አንድ ላፕቶፕ ካለ ለሁሉም ይበቃል። የቴሌግራም ግሩፕ ክፈቱና የሚነበበውን ፒዲኤፍ እዚያ አስቀምጡ። ዳታ የሌለው ተማሪ ከጓደኛው ስልክ በዜንደር ይቀበላል። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ግን የዕለቱ ትምህርት ያለ ፕሮጀክተር የሚሄድ ይሁን።

የመጀመሪያው ቅዳሜ፦ ከክፍል ውጡ

ሪሰርች ምን ማለት እንደሆነ ትርጉም ከሰሌዳ ላይ አታስገልብጡ። ተማሪዎቹን ይዛችሁ ውጡ። አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ፣ መናኸሪያ፣ የትምህርት ቤቱ በር፣ የባጃጅ መቆሚያ፣ ወይም የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሊሆን ይችላል። ለግማሽ ሰዓት ቆመው ያዩትንና የሰሙትን ብቻ ይጻፉ። አስተያየት አይፈቀድም።

ተመልሳችሁ ክፍል ስትገቡ ጽሑፎቹ ጮክ ተብለው ይነበቡ። አሞራ ገደል የሄደ አንድ ተማሪ እንዲህ ብሎ ሊመጣ ይችላል፦ "ቦታው በጣም ቆሻሻ ነው። ሰው ግንዛቤ የለውም።" ሌላዋ ደግሞ እንዲህ፦ "ከ3፡10 እስከ 3፡40 ቆምኩ። ሰባት ሰዎች የዓሣ ሆድ ዕቃ ከሐይቁ ዳር ጣሉ። ሁለት ሰዎች ማዳበሪያ ውስጥ አጠራቀሙ። የተጣለውን አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ወዲያው ይበሉታል። ቅርፊቱን ግን አይነኩትም።"

ሁለቱን ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ጻፏቸውና ተማሪዎቹ ልዩነቱን ራሳቸው ይናገሩ። የመጀመሪያው ፍርድ ነው፤ ልትከራከሩበት እንጂ ልታረጋግጡት አትችሉም። ሁለተኛው መረጃ ነው። ሌላ ሰው ነገ ሄዶ ሊቆጥር ይችላል። ከዚያም አልፎ ጥያቄ ይወልዳል። ሁለቱ ሰዎች ለምን ያጠራቅማሉ? ማዳበሪያው የት ይሄዳል? ቅርፊቱንስ ማን ያነሳዋል? ተማሪዋ ሳታስበው ጥናት ጀምራለች። ከዚህ ቅጽበት በኋላ ሪሰርች ምን እንደሆነ ብዙ ማስረዳት አይጠበቅባችሁም።

ጥያቄውን ማጥበብ

ሁለተኛው ቅዳሜ ሙሉውን ለጥያቄ ይሁን። ተማሪዎች ሰፊ ርዕስ ይወዳሉ። "የሐዋሳ ሐይቅ ብክለት"፣ "የወጣቶች ሥራ አጥነት"፣ "የማኅበራዊ ሚዲያ ተጽዕኖ"። እነዚህ ርዕሶች ለአንድ የምርምር ተቋም እንኳ ይበዛሉ።

ለማጥበብ ሦስት ነገር ጠይቋቸው። መልሱን በሦስት ሳምንት ውስጥ ማግኘት ትችላላችሁ? በእግርና በባጃጅ የምትደርሱበት ቦታ ነው? መልሱን ከአሁኑ ታውቁታላችሁ? የሦስተኛው መልስ "አዎ" ከሆነ ጥያቄውን ጣሉት። መልሱ ሊያስገርም የማይችል ጥያቄ ሊለፋበት አይገባም።

ሲጠብ ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ። "የሐዋሳ ሐይቅ ብክለት" ብሎ የተነሳው ተማሪ መጀመሪያ ወደ "የዓሣ ተረፈ ምርት በሐይቁ ዳር" ይወርዳል። ከዚያ "በአሞራ ገደል ዓሣ የሚያዘጋጁ ሰዎች ተረፈ ምርቱን የት ያደርጉታል?" ይላል። አሁንም ይቀራል። የመጨረሻው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ "በአሞራ ገደል ቅዳሜ ጠዋት ዓሣ ከሚያዘጋጁ ሰዎች ውስጥ ተረፈ ምርቱን የሚያጠራቅሙት እነማን ናቸው? ለምንስ ያጠራቅማሉ?" ቦታ አለው፣ ጊዜ አለው፣ ሰው አለው። ሄዶ መጠየቅ ይቻላል።

ሐዋሳ ለእንዲህ ያለ ጥያቄ የታደለች ከተማ ናት። መንገዷ ሜዳ ስለሆነ ብስክሌት የሚነዳ ብዙ ነው፤ በብስክሌት ወደ ትምህርት ቤት የሚመጡ ተማሪዎች ብስክሌታቸውን የት ያቆማሉ? በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ብዙ ወጣት ሴቶችን ወደ ከተማዋ አምጥቷል፤ ከፓርኩ አጠገብ ያሉ ሱቆች በደመወዝ ሰሞን የሚሸጡት ነገር ይለወጣል? በአንድ ክፍል ውስጥ አንድን መማሪያ መጽሐፍ ስንት ተማሪ ይጋራዋል?

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ስለ በሽታ፣ ስለ ጥቃት፣ ስለ ብሔርና ስለ ፖለቲካ የሚጠይቅ ርዕስ ለዚህ ደረጃ አትፍቀዱ። ርዕሶቹ ሳይጠቅሙ ቀርተው አይደለም። የሚጠየቀውን ሰውም ጠያቂውን ልጅም ሊጎዱ ስለሚችሉ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድና የሠለጠነ ሰው ይፈልጋሉ።

ንባብ፦ ሁለት ቅዳሜ

ጽሑፍ የሚፈለገው ጥያቄው ከጠበበ በኋላ ነው። የጥናት ጽሑፎች መፈለጊያው ጉግል ስኮላር የመጀመሪያው በር ይሁን። አፍሪካ ውስጥ የሚታተሙ ጆርናሎችን በአንድ ቦታ የሚያገናኘውን የአፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይንም አሳይዋቸው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ጥናቶችን የሚያስቀምጥበት ድረ ገጽም ነጻ ነው። ስለ ሐዋሳ ሐይቅ ዓሣና ስለ ውሃው ጥራት የተጻፈ ብዙ ስላለ በሐይቁ ዙሪያ የሚሠሩ ተማሪዎች አይቸገሩም።

አንድ ተማሪ አራት ጽሑፍ ካነበበ በቂ ነው። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው በተራ አያንብብ፤ ተስፋ ይቆርጣል። መጀመሪያ አጠቃሎውን (አብስትራክቱን)፣ ቀጥሎ ሠንጠረዦቹንና ሥዕሎቹን፣ ከዚያ መደምደሚያውን፣ ከዚያ ወደ መግቢያው የመጨረሻ አንቀጽ ይመለስ። አብዛኛውን ጊዜ የጥናቱ ጥያቄ የሚገኘው እዚያ ነው። ዘዴውን በመጨረሻ ያንብበው። ለእያንዳንዱ ጽሑፍ ደብተሩ ላይ ግማሽ ገጽ ይያዝ፦ ምን ጠየቁ? እንዴት አደረጉት? ምን አገኙ? ለኔ ጥያቄ ምን ይጠቅመኛል?

የመጨረሻዋን ጥያቄ አጥብቃችሁ ያዟት። የተለመደው የጽሑፍ ቅኝት "እገሌ እንዲህ አለ፣ እገሊት ደግሞ እንዲህ አለች" እያለ የሚሄድ ዝርዝር ነው። ምንጭ ግን ሥራ ሊሠራ ይገባል። ለምሳሌ የሐዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ ዓመቱን ሙሉ የሚገባበት ወንዝ ጥቁር ውሃ ነው። ይህን አንብቦ "የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ የለውም" ብሎ ብቻ የሚጽፍ ተማሪ መረጃ ገለበጠ። "ሐይቁ መውጫ ወንዝ ስለሌለው ዳር ላይ የሚጣለው ነገር ተጠርጎ የሚሄድበት መንገድ የለም፤ ስለዚህ ዓሣ የሚያዘጋጁ ሰዎች ተረፈ ምርቱን የት እንደሚያደርጉት ማወቅ ያስፈልጋል" የሚል ተማሪ ግን ያነበበውን ከራሱ ጥያቄ ጋር አገናኘው።

መገልበጥን በስብከት አታስቆሙትም። በልምምድ ነው። ተማሪው አንድ አንቀጽ ያንብብ፣ ወረቀቱን ይገልብጥ፣ አጠገቡ ላለው ጓደኛው በአማርኛ ወይም በሚቀለው ቋንቋ ይንገረው፣ ከዚያ ሳያይ ይጻፈው። ጽፎ ሲጨርስ ከዋናው ጋር ያመሳክር። በየሳምንቱ አንድ አንቀጽ እንዲህ ከሠሩ የራሳቸው ድምፅ ይመጣል።

ስለ ቻትጂፒቲም ከመጀመሪያው ተነጋገሩ። ተማሪዎቹ ይጠቀሙበታል፤ እንዳልሰማ መሆን አይጠቅምም። የሌለ ጽሑፍ ከነጸሐፊው፣ ከነዓመቱና ከነጆርናሉ ፈጥሮ ሊሰጥ እንደሚችል አሳይዋቸው። ደንቡ ቀላል ይሁን፦ ጽሑፉን ከፍታችሁ ካላሳያችሁኝ ዋቢ ላይ አይገባም። ፎቶኮፒ ቤት አካባቢ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ሪሰርችም እንዳለ ያውቃሉ። ያን የሚገዛ ልጅ ያጣው ማርክ ሳይሆን ራሱ የመጠየቅ ዕድሉን ነው፤ ይህን በግልጽ ንገሯቸው።

መጠይቁና ሰው ፊት መቅረብ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ብዙ ጥናት የሚበላሸው እዚህ ነው።

የተለመደ ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ "የዓሣ ተረፈ ምርትን በአግባቡ አለማስወገድ ለአካባቢ ብክለት እንደሚዳርግ ያውቃሉ?" ማን "አላውቅም" ይላል? ሁሉም "አዎ" ብሎ ይመልስና ተማሪው "መቶ በመቶ ግንዛቤ አለ" ብሎ ይጽፋል። ጥያቄውን ወደ ተደረገ ነገር ቀይሩት፦ "ትናንት ያወጡትን የዓሣ ሆድ ዕቃ የት አደረጉት?" አሁን መልሱ ሊለያይ ይችላል።

"በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ አልወሰንኩም" የሚለውን ባለ አምስት ደረጃ መጠይቅም በጥንቃቄ ያዙት። እኛ ጋ ይሉኝታ አለ። እንግዳ ልጅ ወረቀት ይዞ ሲመጣ ሰው ላለማስቀየም "እስማማለሁ" ይላል። ስለዚህ ስለ አመለካከት ከመጠየቅ ስለ ትናንት፣ ስለ ባለፈው ሳምንት፣ ስለ ስንት ጊዜ መጠየቅ ይሻላል። ዐሥር ጥያቄ በቂ ነው።

ቋንቋውም ሌላ ጉዳይ ነው። መጠይቁን በእንግሊዝኛ አዘጋጅቶ ገበያ ላይ በቃል እየተረጎሙ መጠየቅ አይሆንም፤ እያንዳንዱ ጠያቂ የተለያየ ጥያቄ ይጠይቃል። አስቀድሞ በአማርኛና በሲዳሙ አፎ ይጻፍ፤ እንደ ቦታው ወላይትኛም ሊያስፈልግ ይችላል። አንድ ተማሪ ከተረጎመ በኋላ ዋናውን ያላየ ሌላ ተማሪ መልሶ ወደ መጀመሪያው ቋንቋ ይተርጉመው። ሁለቱ ካልተመሳሰሉ ጥያቄው ይስተካከል። ብዙ ቋንቋ የሚናገሩ ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ መኖራቸው እዚህ ትልቅ ሀብት ነው።

ከዚያ ክፍል ውስጥ ልምምድ። አንዱ ጠያቂ፣ ሌላው ተጠያቂ ይሁን። አቀራረቡን ቃል በቃል አለማምዷቸው፦

"ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣ ሥራ ያዝንብዎት? ተማሪዎች ነን። ዓሣ ከተዘጋጀ በኋላ ስለሚቀረው ነገር ለትምህርት ቤት ጽሑፍ እየሠራን ነው። ስምዎን አንጽፍም። ዐሥር ደቂቃ ይበቃናል። ካልተመቸዎት ምንም ችግር የለውም፤ መሃል ላይም ማቆም ይችላሉ።"

ይህ ንግግር ከጨዋነትም በላይ የሥነ ምግባር ግዴታ ነው። ሰውየው ወይም ሴትየዋ እንቢ ካሉ አመስግኖ መሄድ። ያለ ፈቃድ ፎቶ የለም። ገበያተኛ ሲመጣ ጥያቄ አቋርጦ ገለል ማለት፤ የሰው እንጀራ ላይ መቆም አይገባም። ሁለቱም ጠያቂዎች አብረው ይሂዱ፣ ከመምሸቱ በፊት ይመለሱ፣ የት እንዳሉም በግሩፑ ላይ ይጻፉ።

መጠይቁን ዋናው ሥራ ውስጥ ከማይገቡ ሦስት ሰዎች ጋር ሞክሩት። ያልገባቸው ቃል ካለ ያኔ ይወጣል።

ስንት ሰው?

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ካለ ወዲያው "በያማኔ ቀመር" ይላል፤ ስንት ሰው መጠየቅ እንዳለበት፣ ማለትም የናሙናውን ብዛት ማስያ ነው። ቀመሩ መጥፎ አይደለም። የአንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎች 1200 ከሆኑና የስህተት መጠኑን 5 በመቶ ካደረጋችሁ፣ 1200 ሲባዛ በ0.05 ካሬ 3 ይሆናል፤ 1 ስትጨምሩበት 4። 1200 ለ4 ሲካፈል ናሙናው 300 ነው። ሰሌዳ ላይ ሥሩላቸው፣ ይወዱታል።

ግን ቀመሩ የሚያገለግለው ሰዎቹ በዕጣ ሲመረጡ ነው። በር ላይ ቆማችሁ ያገኛችሁትን ከጠየቃችሁ 300 መድረሱ ብቻውን አያድናችሁም። ለዚህ ክፍል 30 ሰው ይበቃል። ዋናው ነገር እንዴት እንደተመረጡ በሐቅ መጻፉ ነው። የስም ዝርዝር ካለ፣ ለምሳሌ የክፍል መዝገብ፣ ዕጣ አውጡ፤ ወረቀት ቆርጦ ጠቅልሎ ማውጣት ለማስተማርም ግሩም ነው።

ቆጠራው በደብተር ላይ በጭረት ይሠራ። ኤክሴል የሚችል ካለ በኋላ ያስገባዋል። ከ30 ሰው 10 ከሆነ "33.33 በመቶ" አይባል፤ "ከ30ው 10" ይባል። ነጥብ ያለው ቁጥር የሌለ ጥራት ያለ ያስመስላል።

መጻፍ፦ ከመሃል ጀምሩ

ስድስተኛውና ሰባተኛው ቅዳሜ መረጃ ሲሰበሰብና ሲቆጠር ያልፋል። ስምንተኛው ላይ ረቂቁ ይጀመራል። የአጻጻፉ ቅደም ተከተል ከአነባበቡ ይለያል። መጀመሪያ ዘዴው ይጻፍ፣ ምክንያቱም ያደረጉትን ያውቁታል። ቀጥሎ ውጤቱ። ቀጥሎ የውጤቱ ማብራሪያ። ከዚያ መግቢያ። ርዕሱና አጠቃሎው መጨረሻ።

ዘዴው ላይ ተማሪዎች የተለመደ ቃል ይደረድራሉ፦ "በዚህ ጥናት ገላጭ የጥናት ንድፍ ጥቅም ላይ ውሏል።" ጥሩ፣ ግን ምን አደረጋችሁ? እንዲህ ይጻፉት፦ "በኅዳር ወር በሁለት ቅዳሜዎች ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት በአሞራ ገደል ተገኝተን ዓሣ በማዘጋጀት ላይ ያሉ 30 ሰዎችን በአማርኛና በሲዳሙ አፎ ጠየቅን። በዕለቱ ያገኘናቸው ናቸው እንጂ በዕጣ የተመረጡ አይደሉም። አራት ሰዎች ለመመለስ አልፈለጉም።" ይህን ያነበበ ሰው ጥናቱን መድገም ይችላል። የመመዘኛው ጥያቄ ይኸው ነው፦ ሌላ ተማሪ ይህን አንብቦ መድገም ይችላል?

መግቢያው ላይ "ከጥንት ጀምሮ የሰው ልጅ..." የሚል ዓረፍተ ነገር ካያችሁ አስወጡት። አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው አንቀጽ ሙሉው ቢወጣ ጽሑፉ ይሻሻላል። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ነው ነገሩ የሚጀምረው።

መደምደሚያው ላይ ደግሞ "የሚመለከተው አካል ትኩረት ሊሰጠው ይገባል" የሚለውን ከልክሉ። ማነው የሚመለከተው? ምን ያድርግ? ከየትኛው ውጤታችሁ ተነሳ? ከ30ው ሰዎች 18ቱ "ማጠራቀሚያ በርሜል ሩቅ ነው" ካሉ ምክሩ በርሜሉን ማቅረብ ነው። ማንም ያላነሳውን "የግንዛቤ ማስጨበጫ ሥልጠና" ከየትም ማምጣት አይቻልም።

በየትኛው ቋንቋ ይጻፍ? ውይይቱ በአማርኛ ይሁን። የመጀመሪያው ረቂቅ ተማሪው በሚያስብበት ቋንቋ ይሁን። የመጨረሻውን ግን በእንግሊዝኛ እንዲያወጡት እመክራለሁ፤ ዩኒቨርሲቲ የሚጠብቃቸው እሱ ነው። ሐሳቡ በራሳቸው ቋንቋ ከጠራ እንግሊዝኛው አጭርና ቀጥተኛ ይሆናል።

ዋቢና የስም ነገር

ለዋቢ አጻጻፍ የኤፒኤን (የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበርን) የአጻጻፍ ደንብ ሰባተኛ እትም ተከተሉ፤ በስፋት የተለመደ ነው። ዞቴሮ የሚባለው ነጻ ሶፍትዌር በላፕቶፑ ላይ ቢጫን ዋቢውን ራሱ ያሰልፋል። ለአራት ምንጭ ግን በእጅ ቢሠሩት ደንቡ ይገባቸዋል።

የኛ ችግር ስም ላይ ነው። ፈረንጅ የሚጠራው በቤተሰብ ስም ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ሁለተኛው ስም የአባት ነው። አበበ ከበደ የሚባል ሰው የጻፈውን ሶፍትዌሩ "ከበደ፣ አ." ብሎ ካሰለፈው የተጠቀሰው አባትየው ነው ማለት ነው። አገር ውስጥ የታተመ የአማርኛ መጽሐፍ ወይም ጽሑፍ ሲሆን ሙሉ ስሙን ከራሱ ስም ጀምራችሁ ጻፉ። ዞቴሮ ላይ ስሙን በአንድ ሳጥን ብቻ የሚያስገባ አማራጭ አለ፤ እሱን ምረጡ። ጸሐፊው በውጭ ጆርናል ላይ ያሳተመው ከሆነ ራሱ እዚያ የተጠቀመበትን መከተል ነው። የትኛውንም ብትመርጡ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ አትቀያይሩ።

ዘመኑም እንዲሁ። የ2014 ዓ.ም. ሰነድ በፈረንጅ 2014 አይደለም። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ከሆነ 7፣ ከዚያ በኋላ ከሆነ 8 ይደመራል። ስለዚህ የኅዳር 2014 ጋዜጣ 2021 ሲሆን፣ የሚያዝያው 2022 ነው። ወሩ ካልታወቀ ዓመቱን እንዳለ ጽፎ "ዓ.ም." ማለት ከመገመት ይሻላል።

እርማት

በየሳምንቱ ግማሽ ሰዓት ለዚህ ይያዝ። ጽሑፉን ጸሐፊው አያንብበው። ጓደኛው ጮክ ብሎ ያንብበው፣ ጸሐፊው ዝም ብሎ ይስማ። አንባቢው የተደናቀፈበት ዓረፍተ ነገር ሁሉ ይሰመርበት። ያ ዓረፍተ ነገር ችግር አለበት።

እናንተም ስታርሙ በአንድ ጊዜ ከሦስት ነገር በላይ አትጻፉ። ገጹን በቀይ ከሞላችሁት ልጁ የትኛውን እንደሚያስቀድም አያውቅም። መጀመሪያ ጥያቄውና መልሱ መገናኘታቸውን፣ ከዚያ የአንቀጹን ቅደም ተከተል፣ ፊደልና ሰዋስውን በመጨረሻው ረቂቅ ላይ እዩ። ማርክ አትስጡ። ማርክ ካየ አስተያየቱን አያነብም።

አሥረኛው ቅዳሜ

እያንዳንዱ ጥንድ አምስት ደቂቃ ያቅርብ። ወላጆች፣ ርዕሰ መምህሩ፣ ከዩኒቨርሲቲ የመጣው ረዳት ይገኙ። ከተቻለ ከተጠየቁት ሰዎች አንድ ሁለቱን ጋብዙ። ተማሪ ስለ ዓሣ አዘጋጆች ሲያወራ ዓሣ አዘጋጇ ፊት ለፊት ከተቀመጠች ያላየውን አይናገርም። እሷም ልታርመው ትችላለች፤ ይታረም።

ጽሑፎቹ ታትመው በአንድ ላይ ይጠረዙ። አንዱ ቅጂ የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ይግባ። መረጃ ለሰጡት ሰዎች አንድ ገጽ ማጠቃለያ በአማርኛና በሲዳሙ አፎ ይድረሳቸው፤ ጊዜያቸውን ሰጥተዋልና ያገኘነውን ማየት መብታቸው ነው። የሞሉ መጠይቆቹን ኃላፊው መምህር ቆልፎ ያስቀምጥ።

በኢሜይል "በአንድ ሳምንት እናሳትምላችኋለን፣ ክፍያው ይህን ያህል ነው" የሚል ጆርናል ቢመጣ አትቀበሉ። እውነተኛ ግምገማ ጊዜ ይወስዳል። ተማሪዎቹ በዚህ ዕድሜ ማሳተም አያስፈልጋቸውም።

ሁለተኛውን ዙር ከመክፈታችሁ በፊት ከጨረሱት ውስጥ ሁለቱን ረዳት አድርጉ። አዲሶቹ ተማሪዎች ከመምህር ይልቅ አምና እነሱ ወንበር ላይ የነበረን ልጅ ይሰማሉ። ረዳቶቹ በመጀመሪያው ቅዳሜ የተጠረዘውን ጽሑፍ ብቻ ሳይሆን የመጀመሪያ ረቂቃቸውንም ይዘው ይምጡ። አዲሶቹ ሁለቱን ጎን ለጎን አይተው ምን እንደተለወጠ ይናገሩ፣ ከዚያ ደብተራቸውን ይዘው ይውጡ።